ንፋስ ለማይወዱት አጎቴ

ሀዋሳ፣ መጋቢት 14 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፣

መኪናዋ እስከ ዛሬ ሳትሸጥ የቀረችው ለምንድን ነው? ይህን ለራስዎ ስንት ጊዜ እንደጠየቁ ባላውቅም፣ ልጅዎ ሄራን በደወለች ቁጥር ከጎኗ ሆነው «ጠይቂው፣ ጠይቂው» ሲሉ ድምፅዎ ይሰማኛል። ዛሬ ሙሉ መልሱን እጽፍልዎታለሁ። ግን ሰላምታ ሳላስቀድም ስለ መኪና ብጀምር «ዲግሪ ይዞ ሥርዓት ጠፋበት» እንደሚሉኝ ስለማውቅ፣ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? የአርባ ምንጭን ሙቀትስ ለመዱት? ሄራን፣ ባለቤቷ፣ ሕፃኑም ደህና ናቸው? ልጁ መዳህ ጀምሯል ብላኝ ነበር፤ ይኼኔ እርስዎን እያስከተለ ቤቱን ሳያዞርዎት አይቀርም። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት። ስለ እሷ በኋላ እጽፋለሁና እባክዎን ስሟን ሲያዩ ወረቀቱን አያስቀምጡት።

ደብዳቤ የመረጥኩት በስልክ ማውራት ጠልቼ አይደለም። በስልክ «አክስቴ» ብዬ ሳልጨርስ «እሱን ተወው» ይሉና ይዘጉታል። አራት ጊዜ ዘግተውብኛል። ወረቀቱን ግን ዛሬ ቢያጥፉት ነገ ተነሥተው ሊያነቡት ይችላሉ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። እርስዎ ሲሄዱ መናኸሪያ ላይ «ሽጣትና ራስህን ቻልባት» ብለውኝ ነበር። ለጋሽ ጠሀም ቃል ሰጥተዋቸዋል፤ ከገበያ ጎመንና ቲማቲም ሊያመላልሱባት እየጠበቁ ነው። እኔ ግን ጋሽ ጠሀ በመጡ ቁጥር «ሊብሬው ላይ ትንሽ ነገር አለ» እያልኩ መለስኳቸው። ሊብሬው ላይ ምንም ነገር የለም። ነገሩ ያለው መኪናዋ ላይ ነው። የሚኒባሷን የተሳፋሪ ወንበሮች በሙሉ አውጥቻለሁ። በቦታቸው አልጋ ሠርቻለሁ፣ ምድጃ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። የኋላውን በር መስታወት አውጥቼም በቦታው ኤሲ ገጥሜበታለሁ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ውኃ ይጠጡ፤ የቀረውን ቀስ ብለው ያንብቡት።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ልንገርዎት። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የክፍላችን ልጆች አንዱ ጅግጅጋ፣ አንዱ አሶሳ ሄዷል፤ ሌሎቹም ዘመድ ባለበት ተበትነዋል። እኔ በየሳምንቱ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያሉትን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አነባለሁ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ የማስረጃዬን ኮፒ ሰጥቼ እመለሳለሁ፣ ከዚያ ቀኑ አያልቅም። የግቢውን በር ከፍቼ መንገዱን አየዋለሁ፤ ባጃጅ ያልፋል፣ ሚኒባስ ያልፋል፣ ሁሉም የሚሄድበት አለው። በሩን መልሼ እዘጋለሁ። የእርስዎ መኪና ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሻሸመኔ ስትመላለስ ኖራ፣ አሁን እንደኔ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጎማዋ ሥር ሣር በቅሎ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ጥቅምት ላይ አሞራ ገደል አካባቢ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች መኪናቸው ውስጥ ድንች ሲቀቅሉ አየሁ። አልጋቸው እዚያው፣ መታጠቢያቸው እዚያው። ቤታቸውን ይዘው ነው የሚዞሩት። ያን ቀን ወደ ቤት የመጣሁት በእግሬ ነው፤ ከጉጉቴ ብዛት ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። እንዲህ ያለ መኪና እኛም አለን፤ ወንበሮቹ ብቻ ናቸው የከለከሉን አልኩ።

ደግሞ በምኞት ብቻ አልጀመርኩም፤ የሚከራይ ሰው አግኝቼ ነው። ዶክተር ፋጡማ ይባላሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያስተምራሉ። ከፋሲካ በኋላ ለስድስት ሳምንት ወደ ኦሞ ቆላ ወርደው የጉድጓድ ውኃ ያጠናሉ። አምና በድንኳን ነበር የሄዱት። እንደነገሩኝ፣ ድንኳኑን ሲከፍቱት ትንኝ ይገባል፣ ሲዘጉት ዳቦ ቤት ይሆናል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይተኙ ነው የተመለሱት። «ቆልፌው የምተኛበት፣ ግን የማያቃጥል ነገር ካመጣህልኝ ከነሹፌሩ እወስደዋለሁ» አሉኝ። ሹፌሩ እኔ ነኝ ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ከዚህ ግቢ ውጭ። ሥራዬን ካዩልኝ ደግሞ ከእሳቸው ኋላ ሌላ ተመራማሪ፣ ከዚያም ሌላ።

ከፋብሪካ የሚመጣው የመኪና ኤሲ ዋጋው መኪናዋን ራሷን ያስሸጣል። ስለዚህ ፍሪጅ ጠጋኙን ደበሌን ያዝኩ። ያስታውሱታል፣ ሲያወራ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ የሚሰካው። ደበሌ ከሚፈርስ ፔንሲዮን ትንሽ የመስኮት ኤሲ አወጣልኝ፤ በልዋጩ እኔ የሱቁን የመብራት መስመር ዘረጋሁለት። ትንሽ ማሽን የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ማሳነስ፣ ቀዳዳውንም ሁሉ መድፈን ነበረብኝ። ካቢናውን ከኋላው በላሜራ አስበይጄ ለየሁት፣ ላሜራውን በኮምፔንሳቶ አለበስኩት። ጣሪያው ሥር ስፖንጅ ለጠፍኩ፣ ጣሪያውን ነጭ ቀለም ቀባሁ። ተንሸራታች መስታወቶቹን በሲሊኮን አጣብቄ ከውስጥ ፀሐይ የሚመልስ ብርማ ላስቲክ ለጠፍኩባቸው። ኤሲው ራሱ ሌባ እንዳይነቅለው ከውጭ በብረት ፍርግርግ ታሰረ። ደበሌ ዞሮ ዞሮ አይቶ «እንዲህ ከደፈንከውስ ሰው ትተህ በረዶ ብትሸጥበት ይሻልህ ነበር» አለኝ። መኪናዋ እንዲያው ስትቆም ምን ያህል እንደምትግል ለማወቅ ጉዱማሌ ሜዳ ዳር ፀሐይ ላይ አቁሜ ለካሁት፤ አርባ ሰባት ዲግሪ ገባ። ደስ አለኝ። የምሸነፍለትን ጠላት ሳይሆን የማሸንፈውን ያገኘሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ ነው። አያጥፉት።

በእርስዎና በእሷ መካከል የሆነውን እኔ የማውቀው በግድግዳ በኩል ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ የመኝታ ቤቱ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ እሰማ ነበር። እርስዎ «ንፋስ ይመታሻል» ይላሉ፣ እሷ «ይምታኝ» ትላለች። እርስዎ ይዘጋሉ፣ ደቂቃ ሳይቆይ እሷ ትከፍታለች። እርስዎ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ የተሳፋሪ አንገት ንፋስ እንዳይመታው መስታወት ያዘጉ ሰው ነዎት፤ በሻሸመኔ መንገድ በጠራራ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰው አፍኖ መሄድ ለእርስዎ ርኅራኄ ነበር። ከዚያ እሷ ፍራሽ ይዛ ሳሎን ወጣች። ከዚያ እርስዎ ትራስዎን ይዘው መኪናዋ ውስጥ መተኛት ጀመሩ። ከዚያ የሄራን ልጅ ክርስትና መጣ፣ ሄዱ፣ ቀሩ። መናኸሪያው ላይ «ሰው ሲሰለች እንዲህ ነው፣ አልፈርድባትም» ያሉኝን አልረሳሁም። እኔም ያኔ እውነት መስሎኝ ነበር።

ዶክተር ፋጡማ ወደ ግቢያችን ለመፈተን የመጡት የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ነው። ደንባቸው ግልጽ ነበር፦ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ሁሉም ነገር ተዘግቶ፣ ሦስት ሰው ተቀምጦ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሦስተኛ ሰው አጣሁ። ግቢው ውስጥ ያሉት ተከራዮች ፓርክ ሥራ ላይ ናቸው፤ ደበሌም ከውጭ ሆኖ ማሽኑን ማየት አለበት። አክስቴን ለመንኳት። «እኔ በዚያ ሰውዬ መኪና አልገባም» አለች። ትንሽ ቆይታ ጫማዋን ቀይራ መጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ድሮ ለበዓል ሲወስዱን ከእርስዎ ኋላ የምትቀመጥበት በኩል ነው፤ ላሜራው ባይኖር ጀርባዎን ታይ ነበር።

ዶክተር ፋጡማ ጃኬት ለብሰው፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከትተው ገቡ። ገርሞኝ ሳያቸው «ሳይንሱ ሌላ፣ ጆሮ ሌላ፤ እናቴ ያሳደገችኝ ከንፋስ ጠብቃ ነው» አሉኝ። እርስዎን አስታወሱኝ። ደበሌ በሩን ከውጭ ጎትቶ ዘጋው፣ ኤሲው ከቤት በተዘረጋው የመብራት ገመድ ተነሣ፣ እሱም ላሜራውን መታ መታ አድርጎ «እኔ ምሳ በልቼ ልምጣ፣ ስመለስ ከነበረዷችሁ አወጣችኋለሁ» ብሎ ሄደ።

አጎቴ፣ ሠራ። ቴርሞሜትሩን ይዤ እጽፍ ነበር። ሠላሳ ስምንት ላይ ጀምረን በአሥር ደቂቃ ሠላሳ አንድ ገባን። በግማሽ ሰዓት ሃያ ስድስት። ሃምሳ ደቂቃ ላይ ሃያ ሦስት። ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ እኛ ዘንድ ዶክተር ፋጡማ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተዋል። ዞር ብዬ አክስቴን ሳያት ግድግዳው ላይ ተደግፋ ተኝታለች። አፏ በትንሹ ተከፍቷል። እንደዚያ ተኝታ ካየኋት ስንት ወር እንደሆነኝ አላውቅም፤ በዚህ ሰሞን በየትኛውም ሰዓት ብነሣ ቤት ውስጥ ስትመላለስ ነው የማገኛት። ዶክተር ፋጡማ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አትቀስቅሳት» አሉኝ በምልክት።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ኤሲው ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። እኔ አልደነገጥኩም፤ «በመንገድ ላይ በጄኔሬተር ነው የሚሠራው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ዶክተር ፋጡማም «ይበቃል፣ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ክፈተው» አሉ። እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ። የምይዘው ነገር የለም።

እርስዎ ይህን ሳልነግርዎት ያውቁታል። የዚያ በር የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ ነው። ረዳቱ ነው ሁልጊዜ ከውጭ የሚከፍተው፤ ተሳፋሪ ብቻውን ከሆነም እጁን በመስታወቱ አውጥቶ የውጩን እጀታ ይስባል። በሃያ ሁለት ዓመት ያንን በር ከውስጥ የከፈተ ሰው ስለሌለ፣ በሩ ከውስጥም መከፈት እንዳለበት እንኳ ትዝ አላለኝም። እጀታው የነበረበትን ቀዳዳ ቅዝቃዜ ያስወጣል ብዬ በገዛ እጄ በስፖንጅ ደፈንኩት። እጅ የሚወጣበትን መስታወት በሲሊኮን አጣበቅሁት። የኋላውም በር የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። አራት ዓመት ያስተማሩኝ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ዲግሪውን መልስ ይሉኛል።

ዶክተር ፋጡማ ስልካቸውን አወጡ። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል። በሩን ደበደብኩ፣ ጮህኩ። ጎረቤት ያለው እንጨት ቤት ጄኔሬተሩን አስነሣ፤ ከዚያ በኋላ የራሴን ድምፅ እኔም መስማት አቃተኝ። ደበሌ እንደሆነ ምሳውን በልቶ መብራት ሲጠፋ ወጥተዋል ብሎ ሱቁ ገብቷል፤ ይህን የሰማሁት ኋላ ነው።

ቀዳዳውን የደፈንኩት ሙቀት እንዳይገባ ነበር፤ አሁን እንዳይወጣ አደረገው። ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አምስት። ቴርሞሜትሩን ማየት ተውኩ። ኤሲው ዙሪያ ያለውን ሲሊኮን በጥፍሬ ፍቄ ለአየር የሚሆን ጣት የምታስገባ ክፍተት አገኘሁ፤ ከዚያ በላይ ፍርግርጉ አያሳልፍም። ሁለቱንም ሴቶች ተራ በተራ እዚያ ጋ አስቀመጥኳቸው።

አክስቴ ነቃች። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ላቡ ከአንገቷ ተነሥቶ ወረደ። እኛም አልቦናል፤ የእሷ ግን ሌላ ነው፤ ነጠላዋን ጣለችው፣ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች፣ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች። ፈራሁ። ብርማውን ላስቲክ ከመስታወቱ ላይ ገሽልጬ፣ ከአልጋው እግር ብረት ነቅዬ መስታወቱን ልመታ ስል እጄን ያዘችኝ። እንደዚያ ያለ ጉልበት እንዳላት አላውቅም ነበር።

«የሱን መስታወት ነክተህ እንዳላይህ» አለችኝ።

ዶክተር ፋጡማ «እህቴ፣ ሰው ይበልጣል ወይስ መስታወት?» አሉ።

«ሰው ይበልጣል። ግን ይህን ሁሉ ዓመት አንድ መስታወት ሳይሰበርበት ነው የነዳት። ሲመለስ ምን እለዋለሁ?» አለች።

የኋላው መስታወት ተነቅሎ የት እንዳለ አልጠየቀችኝም። ለነገሩ እሷ ናት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጠችው። አንድም ጭረት የለበትም፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ብረቱን አስቀመጥኩ። ዶክተር ፋጡማ አጠገቧ ተቀመጡና ካርቶኑን ተቀብለው ያራግቡላት ጀመር። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ አንዳንድ ነገር ጠየቋት። እኔ ፊቴን ወደ ኤሲው አዙሬ ብሎን መቁጠር ያዝኩ፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ ምን ያህል መራቅ ይቻላል? «ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉ። «ከመስከረም» አለች። «ማታ ይብሳል?» «ማታማ አይጣል ነው። እሳት ከደረቴ ይነሣል።» ዶክተር ፋጡማ ሳቅ አሉ፣ የፌዝ ሳቅ አይደለም። «እኔን ሁለት ዓመት አሯሩጦኛል፤ ክረምት ለክረምት በረንዳ ላይ ነበር የምቀመጠው። በሽታ አይደለም፣ የዕድሜያችን ነገር ነው፣ ያልፋል። ለባለቤትሽ ነግረሽዋል?» «ምን ብዬ?» አለች አክስቴ። እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ስትላቸው የነበረችውን ሴትዮ «ምን ብዬ ልንገረው፣ አንቺ ነግረሽ ነበር?» አለቻቸው። እሳቸው «አልነገርኩም፤ ሞኝ ስለነበርኩ» አሉ። በመጨረሻ አክስቴ «ከሱ የሸሸሁ መሰለው እኮ። እኔ የሸሸሁት ብርድ ልብሱን ነው» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

የቀረውን አልጽፍም። የቀረው ከእሷ አፍ የሚሰማ እንጂ ከእህት ልጅ ደብዳቤ የሚነበብ አይደለም። እኔ ሁለት ዓመት ታሰርኩ እያልኩ ሳማርር፣ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ውስጥ ተዘግታ እንደነበር ያን ቀን ነው የገባኝ።

ያወጡን ጋሽ ጠሀ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ መኪናዋን ሊያዩ ገብተው፣ በጄኔሬተሩ ጩኸት መሐል ላሜራው ሲደበደብ ሰምተው እጀታውን ሳቡት። ተዘግቶብን የቆየነው ሃምሳ ደቂቃ ነበር። በላብ የተጠመቅነውን ሦስታችንንም አንድ በአንድ አዩንና «እኔ ጎመን ልጭንባት ስመጣ፣ እናንተ ቀድማችሁ ተቀቅላችሁ ጠበቃችሁኝ?» አሉ። አክስቴ ሳቀች። ግቢው ውስጥ ያለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጣ ውኃ እየጠጣች፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ደበሌ ያኔ ደረሰና «በረዳችሁ?» አለ።

እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዶክተር ፋጡማ ጥጡን ከጆሯቸው አውጥተው፣ ከማስታወሻ ደብተራቸው ቅጠል ቀደው ጻፉልኝ፦ የውስጥ እጀታ፣ ሁለት የአየር ቀዳዳ፣ ጄኔሬተር። «ፈተናውን ወድቀሃል፣ ድጋሚ ትፈተናለህ። ማሽኑ ግን አልወደቀም፤ ሰው አስተኝቷል» አሉኝ ወደ አክስቴ እያዩ። ከፋሲካ በፊት ካስተካከልኩ ይወስዷታል፤ የመኪናዋን ባለቤት፣ የእርስዎን ፈቃድ ግን በጽሑፍ ይፈልጋሉ። ለጋሽ ጠሀም እውነቱን ነገርኳቸው፣ የሊብሬውን ጭምር። «ቃል የተቀባበልኩት ከአጎትህ ጋር ነው፣ እሱ ራሱ ተው ካለኝ እተዋለሁ። እስከ ሐሙስ ሳምንት እጠብቃለሁ» አሉ፤ የፊታችን ሐሙስ መሆኑ ነው። እጀታውን የዚያኑ ዕለት ከአሮጌ ብረት ተራ አምጥቼ ገጠምኩት። አሁን በሩ ከውስጥ በአንድ ጣት ይከፈታል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «እባክዎን አይሽጧት» ብዬ እጨርስ ነበር። ግን ማክሰኞ ዕለት አክስቴ ሜትር ይዛ መጣች። የመኝታ ቤቱን መስኮት እያሳየችኝ «ይሄ ነገር እዚህ ይገባል?» አለችኝ። ለካሁት። ሁለት ጣት ተርፎት ይገባል። ሜትሩን መለስኩላትና ወጣሁ፤ ሐይቁ ዳር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ያለን ኤሲ አንድ ነው። ደበሌ ሌላ ፈልጎ ነበር፤ ከፔንሲዮኑ የቀሩት ኮምፕረሰራቸው የተቃጠለ ነው። ያለ እሱ መኪናዋ ያው አርባ ሰባት ዲግሪ ናት፣ ዶክተር ፋጡማም ሌላ መኪና ይፈልጋሉ። አልዋሽዎትም አጎቴ፣ ያንን ማሽን የገጠምኩት ለማንም ብዬ አይደለም፤ ከዚህ ለመውጣት ነው።

ስመለስ «ለአንቺ ልግጠምልሽ» አልኳት። «ለብቻዬ ምን ያደርግልኛል? መብራት መጨረስ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ እርስዎ ላይ ወድቋል። እርስዎ ካልመጡ እሷ አትፈልገውም፤ ፈቃድዎን ከጻፉልኝ እኔ ከፋሲካ በኋላ ኦሞ እወርዳለሁ። እርስዎ ከመጡ ፍርግርጉን ፈትቼ መስኮቷ ላይ እገጥመዋለሁ፣ መኪናዋም ለጋሽ ጠሀ ትሁን፤ እኔ ሌላ መውጫ እፈልጋለሁ። ሳልፈልግ አልቀርም፣ ያውቁኛል። ሦስት ቀን አስቤበት ነው ይህን የጻፍኩት፣ ቀሎኛል ብዬም አላታልልዎትም። ግን ይምጡ።

አምላክ ወገብዎን ያጽናልዎት፣ ዕድሜዎን ከልጅ ልጅዎ ጋር ያስረዝምልዎት፣ በሄዱበት ሁሉ ጥላው አይለይዎት። ሄራንንና ቤተሰቧን ይሳሙልኝ። መልሱን ደብዳቤውን ባደረሰልዎት ሹፌር እጅ ይላኩልኝ፤ ሐሙስ ተመልሶ ይመጣል።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የኤሲው ንፋስ ወደ አንድ ጎን ሊዞር ይችላል፤ ወደ እሷ ዞሮ እርስዎን እንዳይነካ አድርጌ ልገጥመው እችላለሁ። ለዚህ ግን ከአልጋው በየትኛው በኩል እንደሚተኙ ማወቅ አለብኝ። አክስቴን ብጠይቃት «ራሱን ጠይቀው» አለችኝ። ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ